«ቻለው» አንበል፤ ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስለ ሕመም ማስታገሻና ስለ ማገገም

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት ጡረተኛ ነርስ አባላችን የተደረገ ንግግር)



 እኔ ንግግር ዐዋቂ አይደለሁም። 31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፥ አብዛኛውንም ዘመኔን በቀዶ ሕክምና ክፍል በሽተኛ ሳገላብጥ የኖርሁ ሴት ነኝ። ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ባለኝ ጊዜ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ ልናገር አስቤ ነበር። ኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። የለወጥሁበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እስቲ ላስታውሳችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በክረምት አንድ ወንድማችንን ቀብረናል። ስማቸውን አልጠራም፤ ባለቤታቸው ግን እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ ታሪኩን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ወንድማችን አንጀታቸው ተጠምዝዞ በሌሊት ሆስፒታል ገቡ። ሆዳቸው ተከፍቶ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ የተጠመዘዘውም ተስተካከለ። «ተሳክቷል» ተባልን። እኛም ደስ ብሎን በየተራ ልንጠይቅ ሄድን። በጀርባቸው ተኝተው፥ ጥርሳቸውን ነክሰው፥ ሳይነቃነቁ አገኘናቸው። ሳል ሲመጣባቸው ዋጥ ያደርጉታል። «ሕመሙ እንዴት ነው?» ስንላቸው «ተመስገን፥ ይቻላል» ይሉናል። «ወይ ጀግና!» እያልን ተመለስን። እኔም ራሴ፥ የ31 ዓመቷ ነርስ፥ «ይበርቱ፥ ይቻሉት» ብዬ ነው የወጣሁት። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። በዘጠነኛው ቀን ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳኑን ተከልን፥ ወንበሩን ደረደርን፥ ንፍሮውን ቀቀልን። ዕድራችን የሚጠበቅበትን ሁሉ አደረገ።

እኔ ሕመሙን ስለ ቻሉ ብቻ ሞቱ አልልም። የሳንባ ምች ብዙ ምክንያት አለው፤ ዕድሜም፥ የቆየ በሽታም፥ ዘግይቶ መምጣትም አለ። ነገር ግን ሳይስሉ፥ በደንብ ሳይተነፍሱና ሳይነሡ አራት ቀን መተኛታቸው አንዱ በር እንደ ነበር አውቃለሁ። ያንን በር ለመዝጋት አንድ ሰው «ሕመሙ አላስተነፍስ ብሏቸዋል፤ ማስታገሻ ይሰጣቸው» ብሎ መናገር ነበረበት። ያ ሰው እኔ መሆን እችል ነበር። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ንስሐም ጭምር ነው ብላችሁ ስሙኝ።

ሕመምና ሳንባ ምን አገናኛቸው?

ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ነገር ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ነው። እርሱ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ገፋ ይላል፤ አየርም እስከ ሳንባ ሥር ድረስ ይገባል። እንግዲህ ሆድ በተቀደደ ጊዜ የተቆረጠው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጡንቻና ሽፋንም ተቆርጦ ተሰፍቷል። በሽተኛው በረጅሙ በተነፈሰ ቁጥር ያ ቁስል ይጎተታል። ስለዚህ ሳያስበው ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ከላይ ከላይ ብቻ ይተነፍሳል። አየር ያልደረሰው የሳንባ ሥር ይጨማደዳል፤ አክታ ይጠራቀምበታል፤ ሳል ሲመጣም ስለሚያም ይዋጣል። በዚያ በተጠራቀመው ላይ ነው ምች የሚነሣው። በተለይ ቁስሉ ከእምብርት በላይ የሆነ እንደ ሆነ አደጋው ይበረታል።

በእግርም በኩል እንደዚሁ ነው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ የባቱ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በድንገት ይገድላል። አንጀትም የሚነቃው ሰውዬው ሲነሣ፥ ሲራመድ፥ በጊዜውም ሲቀምስ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጉልበት ከየት ያመጣል?

ታዲያ ነገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይመጣል። ማስታገሻ የሚሰጠው በሽተኛው ዝም ብሎ እንዲተኛ አይደለም፤ እንዲተነፍስ፥ እንዲስል፥ እንዲነሣና እንዲሄድ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ከኬንታኪዋ ሴት እስከ ዛሬ

አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1809 በአሜሪካ አገር ኬንታኪ በሚባለው ግዛት ጄን ቶድ ክሮፎርድ የምትባል ሴት ሆዷ አብጦ ያረገዘች መስሏት ነበር። ኤፍሬም ማክዶዌል የተባለው ሐኪም መርምሮ እብጠት መሆኑን ነገራት። ሴትዮዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጉዛ ወደ ሐኪሙ ከተማ መጣች፤ በቤቱም ሆዷን ከፍቶ ከ10 ኪሎ የሚበልጥ እብጠት አወጣላት። ያን ጊዜ ሰመመን የሚሰጥ መድኃኒት ገና አልታወቀም። ሥራው 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ እርሷም መዝሙር እየዘመረች እንደ ቻለችው ይተረካል። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖራለች።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «አያችሁ፥ እርሷ ቻለችው!» ይላል። እኔ ግን የማይበት ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፥ ያች ሴት ምርጫ አልነበራትም፤ እኛ አለን። ሁለተኛ፥ ሐኪሙ በአምስተኛው ቀን ሊጠይቃት ቢሄድ ከአልጋዋ ተነሥታ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት! በ25ኛው ቀንም በፈረሷ ወደ አገሯ ተመለሰች። ለእኔ ከመቻሏ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መነሣቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1846 ዊሊያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስተን ከተማ ኤተር በሚባለው መድኃኒት አንድን በሽተኛ አስተኝቶ ያለ ሥቃይ ኦፕራሲዮን እንዲደረግ አሳየ። ዓለም ሁሉ ተደነቀ። ይሁን እንጂ የተሸነፈው በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ያለው ሕመም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው፥ የሌሊቱ ሕመም፥ ለረጅም ዘመን የበሽተኛው የግል ጉዳይ ሆኖ ቀረ። እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽም ድረስ ሆዱ የተከፈተ ሰው ስፌቱ እንዳይፈታ ተብሎ ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲተኛ ይደረግ ነበር። በ1990ዎቹ ሄንሪክ ኬሌት የተባለው የዴንማርክ ሐኪም የሕመም ማስታገሻን አቀናጅቶ በመስጠት፥ በሽተኛውን ቶሎ በመመገብና ቶሎ በማስነሣት የሆስፒታሉን ቆይታ በጣም ማሳጠር እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ይኸው መንገድ ነው።

ማስታገሻው በምን በምን መንገድ ይሰጣል?

በመጀመሪያ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ የሚሰጥ አለ። ለምሳሌ እናቶች በኦፕራሲዮን ሲወልዱ በብዛት የጀርባ መርፌ ይወጋሉ፤ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፤ እናቲቱ ነቅታ የልጇን ድምፅ ትሰማለች። ሐኪሙ የሆድን ግድግዳ ነርቮች ወይም የቁስሉን ዳርና ዳር በመርፌ ሊያደነዝዝም ይችላል። በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ለጥቂት ቀናት መድኃኒት የሚንጠባጠብበትም ዘዴ አለ። የእነዚህ ሁሉ ደግነት ሰውየውን ሳያፈዝዙ ሕመሙን መያዛቸው ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መርፌው ከሰዓታት በኋላ ይለቃል። ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሌላው ማስታገሻ ሳይለቅ በፊት መጀመር አለበት። «አሁን አያመኝም፥ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ኪኒኑን የመለሰ ሰው ሌሊቱን ይቆጥረዋል።

ከዚያ በኋላ መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው። ሰው ይንቀዋል፤ «የራስ ምታት ኪኒን ለዚህ?» ይላል። ነገር ግን በሰዓቱ ሲወሰድ ጠንካራዎቹን መድኃኒቶች ይቀንሳል። ለአንድ ጤነኛ ዐዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ ኪኒን ሁለት ሁለት ሆኖ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ኪኒን አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ጉበቱ የታመመ ወይም ሰውነቱ በጣም የቀለለ ሰው ከዚህም ያነሰ ነው የሚወስደው፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ይኸው ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል መደራረብ አይገባም።

ሁለተኛው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለው ነው። የቁስሉን መቆጣት ስለሚያበርድ ከፓራሲታሞል ጋር ሲሰጥ ጥሩ ይሠራል። ግን የጨጓራ ቁስል፥ የኩላሊት በሽታ፥ የልብ ድካም ወይም አስም ያለበት ሰው «እንዲህ ዓይነት በሽታ አለብኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት። ዝም ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መወጋት አይገባም።

ሦስተኛው ጠንካራው ወገን ነው፤ ትራማዶል፥ ፔቲዲን፥ ሞርፊን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ሲበረታ ያስፈልጋሉ። ማቅለሽለሽ፥ መፍዘዝ፥ የሆድ ድርቀት ያመጣሉ፤ ሲበዙም ትንፋሽን ያዘገያሉ። ስለዚህ የሚሰጡት በባለሙያ ዓይን ሥር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትራማዶል ከመውሰዱ በፊት መናገር አለበት። የምታጠባ እናትም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይስማሟታል፤ ጠንካራዎቹን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ።

አንዱን መድኃኒት ብቻ እስከ ጫፍ ከመግፋት ሁለት ሦስቱን በልክ በልኩ ማቀናጀት ይሻላል። ሸክም ሲከፋፈሉት ይቀልላል እንደ ማለት ነው። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መድኃኒቱ የሚሰጠው በሰዓቱ እንጂ በጩኸት መሆን የለበትም። ወጥ ከገነፈለ በኋላ እሳቱን ቢቀንሱት ምን ይጠቅማል? ሕመምም ከገነፈለ በኋላ ለመመለስ ብዙ መድኃኒት ይጠይቃል።

ያለ መድኃኒትም የሚረዳ አለ። ትራስ ወይም የተጣጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ደግፎ አቅፎ መሳል ሕመሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ብሎ ለመነሣት መታገል ስሕተት ነው፤ ጉልበትን አጥፎ፥ ወደ ጎን ተንከባሎ፥ እግርን ወደ ታች ለቅቆ፥ በክንድ ገፍቶ መነሣት ነው። የሚወዱት ሰው አጠገብ መኖሩ፥ ጸሎቱ፥ ወሬው፥ ይህም ሁሉ ይረዳል። መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ሰዎች የሚፈሯቸው ነገሮች

በሥራ ዘመኔ ሦስት ፍርሃቶችን በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው «ሱስ ያስይዘኛል» የሚለው ነው። ለጥቂት ቀናት፥ ለእውነተኛ ሕመም፥ በሆስፒታል በልክ የሚሰጥ መድኃኒት ሰውን ሱሰኛ ማድረጉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። አደጋው የሚመጣው ሕመሙ ካለፈ በኋላ ትራማዶል እየገዙ መቀጠል ሲጀመር ነው። ስለዚህ ቤት ሲገቡ ጠንካራውን ማቆም፥ የተረፈውንም ለጎረቤት አለማደል ነው።

ሁለተኛው «ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል» የሚለው ነው። ሥቃይ ላይ ያለ፥ የማይተኛ፥ የማይበላ ሰው ቁስል ነው የሚዘገየው። ሦስተኛው «የውስጡን ችግር ይደብቅብኛል» የሚለው ነው። ይህ ትንሽ እውነት አለው፤ ምክንያቱ ገና ያልታወቀ የሆድ ቁርጠት ይዞ ቤት ውስጥ ማስታገሻ እየዋጡ መቆየት አደገኛ ነው፤ ወንድማችንም ሁለት ቀን የቆዩት እንደዚያ ነበር። ከኦፕራሲዮን በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማስታገሻ እየወሰዱ ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፥ ያ ራሱ ለሐኪሙ ትልቅ ምልክት ነው።

በእኔ የደረሰ

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ባለፈው ዓመት የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ይዞ ሆዴ ከቀኝ ጎኔ ሥር ተከፍቶ ወጣልኝ። የት ሆስፒታል እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ የትም ሊሆን ይችል ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት መርፌው ሲለቀኝ አየር መሳብ አቃተኝ። ትንፋሼ ጫፉ ላይ ሲደርስ በቢላዋ እንደ መወጋት ነበር። መጥራት ግን አፈርሁ። 31 ዓመት ነርስ የነበርሁ ሴት ልጮህ ነውን? አንድ ሰዓት ያህል ከታገልሁ በኋላ ጠራሁ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ መጣች፤ ደክሟታል፤ ብቻዋን ስንት አልጋ እንደያዘች አየዋለሁ። «እማማ፥ ትንሽ ይቻሉት፤ ሊነጋ ነው» አለችኝ።

በልጅቷ ድምፅ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ስንት ሰው እንዲህ ብዬ አልፌ ይሆን? አልተቆጣኋትም። «ልጄ፥ ሕመሙን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ነገር ግን መሳል አልቻልሁም፤ በረጅሙ መተንፈስም አልቻልሁም» አልኋት። ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። ሄዳ ተረኛውን ሐኪም ጠራች፤ መርፌ ታዘዘልኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትራሴን አቅፌ ሳልሁ። ጠዋት ቁጭ አልሁ፤ ከሰዓት በኋላ እስከ መስኮቱ ሄድሁ።

ከዚህ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። «አመመኝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ሁሉም በሽተኛ አመመኝ ይላል። ሕመሙ ምን እንደ ከለከለህ ተናገር። «መሳል አልቻልሁም፥ መነሣት አልቻልሁም፥ ልጄን ማጥባት አልቻልሁም» በል። ደግሞ በቁጥር ተናገር፤ ምንም ሕመም የሌለው ዜሮ፥ ከዚህ የከፋ የለም የሚባለው አሥር ቢሆን ያንተ ከአሥር ስንት ነው? ተኝተህ ሳለህ ብቻ ሳይሆን ስትስልም ስንት ነው? ተኝቶ ሦስት፥ ሲስል ዘጠኝ የሆነ ሰው አልታገሠለትም።

ማገገም ቀን በቀን

የመጀመሪያው ሌሊት ሥራ ትንፋሽ ነው። በነቁበት ሰዓት ሁሉ አሥር ጊዜ ያህል በረጅሙ መተንፈስ፥ ትራስ አቅፎ መሳል፥ የእግርን ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። በማግሥቱ ሐኪሙ ካልከለከለ በሰው ተደግፎ መቀመጥና መቆም ይገባል። መጀመሪያ ሲነሡ ራስ ስለሚያዞር የአልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጦ መቆየት ነው። ዛሬ እስከ መስኮቱ፥ ነገ እስከ በሩ፥ ከነገ ወዲያ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ «አየር ወጣ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። አባቶቼ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ያሳፍራችሁ ነበር፤ ስንቱ አባወራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋሽቶኛል! የወጣው አየር አንጀት መንቃቱን የሚያበሥር ነው። ትንሹ አንጀት ቶሎ ይነቃል፤ ትልቁ አንጀት ግን ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። መራመድ ያነቃዋል፤ ማስቲካ ማኘክም አንጀትን እንደሚያነቃቃ ታይቷል። ምግብ መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ነው፤ አንጀቱ የተቆረጠና ያልተቆረጠ ሰው አንድ አይደሉም። ሲፈቀድ ግን በውኃና በአጥሚት ተጀምሮ ወደ ገንፎ፥ ወደ ሾርባ፥ ወደ እንቁላልና ወተት ይሄዳል። የሚጾም ሰው የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ካልሆነም ምስሩን፥ ሽሮውን፥ አተሩን አያጓድል። ቁስል የሚጠግነው ምግብ ነው።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት አራስ ናት ብለን ከአልጋ አናስነሣትም እንላለን። እንክብካቤው መልካም ነው፤ ግን ከማግሥቱ ጀምራ ብትራመድ ነው የሚበጃት። በእርግዝናና በአራስነት ደም ይበልጥ የመርጋት ጠባይ አለው።

ቤት ከተገባ በኋላ ስፌቱ እንደ ቁስሉ ሁኔታ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ቁስሉ ላይ ቅቤ፥ ፌጦ፥ ቅጠል ምንም አይቀባ፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይያዝ። ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፥ የጤፍ ጆንያ፥ የዳበረ ልጅ ማዘል፥ ይህ ሁሉ ይቅር። ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ ገና አልጠነከረም፤ በስፌቱ በኩል አንጀት ገፍቶ ቡአ ይሆናል። መራመድ ግን በየቀኑ ይጨመር። ድርቀት እንዳያስቸግር ውኃ፥ ተልባ፥ ፓፓያ ጥሩ ነው። ድካሙ ሳምንታት ቢቆይ ግራ አትጋቡ፤ ሰውነት ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ለጥፉት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፥ ከቁስሉ መግል መውጣት ወይም መቅላትና ማበጥ፥ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መጨመር፥ ሆድ ተነፍቶ ማስታወክና አየር አለመውጣት፥ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፥ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። ከቁስሉ ድንገት ብዙ ቀላ ያለ ውኃ ቢፈስስ ስፌቱ በውስጥ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል፤ አንጀት ብቅ ቢል ወደ ውስጥ አትግፉት፤ በንጹሕ ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በፍጥነት ውሰዱ።

ለዕድራችን የማቀርበው

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ዕድራችን ለቀብር ሲሆን እንከን የለውም። ጥሩምባው በተነፋ በሰዓቱ ድንኳኑ ቆሞ፥ ብረት ድስቱ ተጥዶ ይገኛል። ለሞተው እንዲህ የምንደርስ ሰዎች ለታመመው ሥርዓት ያጣን ነን። አሥራ አምስት ሆነን አልጋ እንከባለን፤ አልጋው ላይ እንቀመጣለን፤ ያልተፈቀደ ምግብ እናቀርባለን፤ «ቻለው» ብለን እንሄዳለን። ስለዚህ አራት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ አባል ሲኖር ጥየቃው ሁለት ሁለት ሰው በየተራ ይሁን፤ ተራውንም የዕድሩ ጸሐፊ ይያዝ።

ሁለተኛ፥ ጠያቂው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ዛሬ ሳልህ ወይ? ዛሬ ተነሣህ ወይ? ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» መልሱ ደግ ካልሆነ ነርሷን በትሕትና ይጥራ። ሐኪሙ ከፈቀደም በሽተኛውን ደግፎ እስከ ኮሪደሩ ያራምደው። ይህ ከአንድ ቋጠሮ ብርቱካን ይበልጣል።

ሦስተኛ፥ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ታዝዞ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ይታጣል፤ ቤተሰብ በሌሊት ከተማውን ይዞራል፤ ገንዘብም ያጣል። ለቀብር ከምንከፍለው ላይ ጥቂት ተቀንሶ ለታዘዘ መድኃኒት በዚያው ቀን የሚሰጥ፥ ኋላም የሚመለስ ብድር ይኑረን።

አራተኛ፥ አስታማሚ ለሌለው አባል የሌሊት ተራ ይውጣ። የመጀመሪያውን ስም እኔ አስመዘግባለሁ።

ወንድማችንን አንመልሳቸውም። ባለቤታቸው ግን ይህን ታሪክ እንድናገር ሲፈቅዱልኝ «ለእኔ ባይሆንም ለሌላ ሰው ትሁነው» ነው ያሉኝ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ሰው ዘንድ ስንሄድ «ቻለው» የሚለውን ቃል ከደጅ ጥለን እንግባ። በምትኩ «ምን ከለከለህ?» እንበል። ለድንኳኑና ለወንበሩ የምንደክመውን ያህል ድንኳኑ ሳይተከል እንዲቀርም እንድከም።

 እግዚአብሔር የታመሙትን ይማርልን፤ ያረፉትን ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።